ሁለቱ ነጫጭ ቦቴዎች

ውሽንፍሩ በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሲያባራ፣ ማርሊስ ትቬት ከበረዶ መጥረጊያው መኪና ወረደች። የመኪናውን በር ይዛ ትንሽ ቆመች። ስትጠርግ ነው ያደረችው፤ ጠርጋ ዳር ስትደርስ ነፋሱ ከኋላዋ መልሶ ሲሞላው፣ እሷም መልሳ ስትጠርግ። አሁን ግን የአውሮፕላን መንደርደሪያው ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቁር ሆኖ ተጋድሟል። የዳኮታ ሜዳ ሁሉ ነጭ በነጭ ሆኖ፣ ቤቱም አጥሩም መንገዱም ተቀብሮ፣ የሰው እጅ ያረፈባት ያቺ መስመር ብቻ ነበረች።

የኦስላንድ ከተማ አውሮፕላን ማረፊያ ድሮ ሦስት ሠራተኞች ነበሩት። አንዱ ጡረታ ወጣ። ሁለተኛውን የከተማው ምክር ቤት በመከር ወራት በጀት የለም ብሎ አሰናበተው። የቀረችው ማርሊስ ነች። ሥራ አስኪያጅም እሷ፣ ነዳጅ ቀጂም እሷ፣ በረዶ ጠራጊም እሷ፣ መጸዳጃ ቤት አጽጂም እሷው። ሰው "ማርሊስ፣ ለመሆኑ ማዕረግሽ ምንድን ነው?" ብሎ ሲቀልድባት፣ "እንደ በረዶው ይለያያል" ትል ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጅም ስለሌላት፣ አውሮፕላን ማረፊያው ቤቷም ዘመዷም ሆኖ ነበር ቢባል ውሸት አይሆንም።

ቡና ልታፈላ ወደ ውስጥ ስትገባ ከውጭ የትራክተር ድምፅ ሰማች። በመስኮት ብታይ ኦሪን ስካር ነው። ኦሪን እርሻው ከማረፊያው አጥር ጋር የሚዋሰን፣ ሰባ ዓመት ያለፈው፣ ከልጆቹ በዕድሜ የሚበልጥ አሮጌ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን በማረፊያው የአውሮፕላን ማቆያ ውስጥ የሚያሳድር ገበሬ ነው። ትራክተሩ በረዶውን እየደረመሰ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ከጎኑ በብርድ ልብስ ላይ ብርድ ልብስ የተደራረበባት ሚስቱ ትዋይላ ተቀምጣለች።

ማርሊስ ካፖርቷን እንኳ ሳትቆልፍ ሮጣ ወጣች።

"በትራክተር! ምን ሆናችሁ ነው?"

"ሊሞዚኑን ሹፌሩ ይዞት ጠፋ" አለ ኦሪን። አፉ ቀለደ እንጂ ፊቱ አልቀለደም።

ማርሊስ ወደ ትዋይላ ቀረብ ስትል ደነገጠች፤ መደንገጧን ግን ዋጥ አደረገችው። ከልጅነታቸው ጀምሮ፣ በአንድ የትምህርት ቤት አግዳሚ ላይ ከተቀመጡበት ጊዜ ጀምሮ የምታውቀው ፊት አብጦ፣ ዓይኖቹ ተሸጉጠው፣ ከንፈሩ አመድ መስሎ ነበር። የትዋይላ ኩላሊቶች ሥራ ካቆሙ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። የኦስላንድ ክሊኒክ የኩላሊት እጥበቱን ክፍል ከዘጋው ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ትልቅ ሆስፒታል እስካለበት ከተማ፣ እስከ ሱ ፎልስ፣ በመኪና ትመላለሳለች። ውሽንፍሩ አውራ ጎዳናውን ዘግቶት ሁለት ተራ አልፏታል።

"አትዪኝ እንዲህ" አለች ትዋይላ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። "ዱባ መስያለሁ አይደል?"

"ዱባ ያምራል። አንቺ እንኳ ድንች ነው የመሰልሽው።"

"ድሮም ትቀኚ ነበር" ብላ ሳቀች ትዋይላ፤ ሳቁም ወደ ሳል ተለወጠባት።

ኦሪን ማርሊስን በክንዷ ይዞ ፈቀቅ አደረጋት። "የአምቡላንስ አውሮፕላን ለምኜ ነበር። ሁሉም ተይዘዋል፣ ከእሷ የባሱ አሉ፣ ተራ ጠብቅ ነው የሚሉኝ። ሳንባዋ ውሃ እየያዘ ነው፣ ማርሊስ። ትናንት ተኝታ መተንፈስ አልቻለችም፤ ቁጭ ብላ ነው ያነጋችው። ሰማዩ ሲከፈት አየሁና ራሴ አደርሳታለሁ አልኩ።"

ማርሊስ ወደ ምዕራብ አየች። ከአድማሱ በላይ ሌላ ግራጫ ግድግዳ እየተነሣ ነበር። የተከፈተው ሰማይ መስኮት እንጂ በር አልነበረም።

"ሂድ ሞተሩን አሙቅ" አለችው። "ነዳጁን ለእኔ ተወው።"

"ግራው ከግማሽ በላይ አለው። ቀኙ ነው ባዶ። እሱን ብቻ ሙዪልኝና እንነሣ።"

የሆነው እንዲህ ነው። ማረፊያው ሁለት የነዳጅ ቦቴዎች አሉት፤ አንዱ እንደ ኦሪን ላሉት ትንንሽ አውሮፕላኖች ቤንዚን፣ ሁለተኛው ደግሞ ለጄትና ለመሳሰሉት ላምባ መሰሉን ነዳጅ የሚይዝ። የድሮው የላምባ ቦቴ ቀይ ነበር፤ ማንም አያሳስተውም። እሱ ሲያረጅ ከተማው ካንድ ሌላ ማረፊያ ያገለገለ ነጭ ገዛ። የቤንዚኑም ነጭ ነው። ማርሊስ ቀለም ይቀባልኝ ብላ አመለከተች፤ ምክር ቤቱም በበጋ እናያለን አላት። የአዲሱ ቦቴ የቱቦ አፍ ሰፊ ስለነበር ወደ ትንንሽ አውሮፕላኖች የነዳጅ ሰልባቲዮ አይገባም ነበር። ነገር ግን በሰብል ላይ መድኃኒት የሚረጩት አውሮፕላኖች ቀዳዳቸው ጠባብ ስለሆነ፣ እነሱ እንዳይቸገሩ ተብሎ በጠባብ ተቀይሮ ነበር። የቤንዚኑ ቦቴ ሁልጊዜ በግራ፣ የላምባው በቀኝ ነበር የሚቆመው። ትናንት ማታ ግን ማርሊስ መሀላቸውን ልትጠርግ ሁለቱንም አንቀሳቅሳ መልሳቸው ነበር፤ በምን ቅደም ተከተል እንደመለሰቻቸው እንቅልፍ ያጣው ጭንቅላቷ አልያዘውም። በሮቻቸው ላይ የተጻፈውን ደግሞ በረዶ ሸፍኖታል።

ማርሊስ በግራ ያለው ቦቴ ላይ ወጣች። ሞተሩ ተነሣላት፤ እግዚአብሔር ይመስገን አለች። ወደ አውሮፕላኑ አስጠጋችው፤ መሰላል ይዛ ወጣች፣ የቀኙን ክንፍ ክዳን ከፈተች፣ ቱቦውን ጨመረች። ስትቀዳ ዓይኗ ቦቴው ላይ አልነበረም። በመስታወቱ ውስጥ ትዋይላን ነበር የምታየው፤ ኦሪን ቀበቶዋን ሲያስርላት፣ የጆሮ ማዳመጫውን ሲያጠልቅላት፣ አገጯ ደረቷ ላይ ወድቆ በእጁ ቀና ሲያደርገው። ነዳጁ ሞልቶ ጓንቷ ላይ ፈሰሰ። ኦሪን ወትሮ ከየክንፉ ነዳጅ በብርጭቆ ቀድቶ ወደ ብርሃን ሳያሳይ የማይነሣ ጥንቁቅ ሰው ነው። የዚያን ቀን ግን "ጨረስሽ?" ብቻ ነው ያላት።

"ጨርሻለሁ! በሉ ሂዱ!"

አውሮፕላኗ በተጠረገው መንደርደሪያ ላይ ሮጣ ተነሣች። ማርሊስ እጇን አውለበለበች። ደስ ብሏት ነበር፤ ሌሊቱን በሙሉ የጠረገችው ለዚች አንዲት በረራ ነው ማለት ነው። ቦቴውን መልሳ አቁማ ገባች፣ ቡናውን ጣደች፣ ጓንቶቿን ልታደርቅ ማሞቂያው ላይ አስቀመጠች።

ጓንቱ ሲሞቅ ሽታው መጣ።

መጀመሪያ ምን እንደሆነ አላወቀችውም። ልጅ ሳለች በአባቷ ጎተራ ውስጥ የተሰቀለው ፋኖስ ትዝ አላት፤ የፋኖስ ሽታ ነው አለች በልቧ። ከዚያ ጓንቱን አንሥታ አፍንጫዋ ላይ አደረገችው። ቤንዚን ቶሎ ይተናል፤ ይሄ ግን እንደ ቅባት ጣቷ ላይ ተጣበቀ። ላምባ ነው። ጓንቱ ከእጇ ወደቀ። ወደ ሬዲዮው ስትሮጥ የቡናውን ማሰሮ ገጭታ ደፋችው፤ የፈላው ውሃ እግሯ ላይ ሲፈስ እንኳ አልተሰማትም።

"ኦሪን! ኦሪን፣ ማርሊስ ነኝ! ኦሪን መልስልኝ!"

ሬዲዮው ሽሽ አለ። ምንም።

"ኦሪን ስካር! ስለ እግዚአብሔር ብለህ መልስ!"

የመጣው የሴት ድምፅ ነበር፣ ደካማና ቀስ ያለ። "ማርሊስ? ኦሪን በሌላኛው ሬዲዮ ከሱ ፎልስ ሰዎች ጋር እያወራ ነው። ምነው፣ ቦርሳዬን ረሳሁ እንዴ?"

ማርሊስ ማረፊያው ዙሪያ ያለ ሬዲዮ የከፈተ ገበሬ ሁሉ እንደሚሰማት ታውቃለች። ግን ያኔ ስለዚህ አላሰበችም።

"ትዋይላ፣ ስሚኝ። ነዳጁን አሳስቼዋለሁ። ቀኝ ክንፋችሁ ውስጥ ያለው ላምባ ነው። እኔ ነኝ የቀዳሁት። ኦሪን ወለሉ ላይ ያለችውን የነዳጅ መምረጫ እጀታ ወደ ግራው ክንፍ ያዙራት። ወደ ግራ ብቻ! አሁኑኑ ንገሪው!"

"ምን አልሽ?"

"ወደ ግራ በይው! ትዋይላ፣ ጎሽሚውና ወደ ግራ በይው!"

ሬዲዮው ዝም አለ። ማርሊስ የመናገሪያውን ቁልፍ ይዛ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ጠረጴዛውን ይዛ ቆመች። ያ ዝምታ ምን ያህል እንደቆየ ኋላ ሲጠይቋት መናገር አልቻለችም።

"ማርሊስ" አለች ትዋይላ በመጨረሻ። "ሞተሩ ማንኳኳት ጀምሯል።"

ከዚያ የኦሪን ድምፅ መጣ። እርሻው ላይ ዝናብ መጣ አልመጣ ሲል እንደሚያወራው ነበር ያወራው። "ግራው ላይ አድርጌዋለሁ። ዞሬያለሁ፣ ወደ አንቺ እየመጣሁ ነው።"

"ሞተሩ እንዴት ነው?"

"ያስላል። ትንሽ ነፍስ ዘርቷል፤ ግን ተጎድቷል። የሆነ ነገር ውስጡ ተሰብሯል መሰለኝ።"

"መንደርደሪያው ይታይሃል?"

"ይታየኛል። ቆንጆ አድርገሽ ጠርገሽዋል።"

ማርሊስ አለቀሰች። ያን ቃል ከመስማት ስድብ በተሻላት።

በመስኮቱ አውሮፕላኗን አየቻት። ከእህል ጎተራዎቹ በላይ፣ ዝቅ ብላ፣ እንደቆሰለች ወፍ ክንፏ እየተወዛወዘ ስትመጣ። ከኋላዋ ጥቁር ጭስ ይጎተታል። ከዚያ የሞተሩ ድምፅ አንድ ጊዜ ጮኸና ቆመ። ሰማዩ ጸጥ አለ።

"አልደርስም" አለ ኦሪን። "የክላይን ማሳ ላይ አስቀምጣታለሁ። ማርሊስ፣ ሰው ጥሪ።"

ማርሊስ የእሳት አደጋ ሰዎችን ጠርታ መጥረጊያው መኪና ላይ ወጣች። በበሩ አልዞረችም፤ አጥሩን ደርምሳ በላዩ ላይ አለፈች። አውሮፕላኗ በረዶው ላይ ስታርፍ የፊት ጎማዋ ሰጥሞ፣ ጭራዋ ተነሥቶ፣ ቀስ ብላ በጀርባዋ ስትገለበጥ ከሩቅ አይታለች። የበረዶው ደመና እስኪረግፍ ምንም አልታየም። ከዚያ ወደ ሰማይ የተሰቀሉ ጎማዎች ታዩ።

ደርሳ በሩን ጎትታ ስትከፍት ሁለቱም ተዘቅዝቀው በቀበቷቸው ተንጠልጥለዋል። ትዋይላ በብርድ ልብሶቿ እንደተጠቀለለች ዓይኖቿን ከፍታ አየቻት። ኦሪን ደረቱ መሪው ላይ ተጣብቆ ነበር፤ ሲተነፍስ የሚንቋቋ ድምፅ ይሰማል።

"መጀመሪያ እሷን" አለ።

ማርሊስ የትዋይላን ቀበቶ በቢላ ቆርጣ በትከሻዋ ተቀበለቻት፤ ጎትታም አወጣቻት። "ይቅር በይኝ፣ ትዋይላ፣ ይቅር በይኝ" ትላለች ደጋግማ። የትዋይላ ዓይን ከባሏ አልተነቀለም።

የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊዎቹ አለቃ፣ የማሳው ባለቤት ዴልማር ክላይን፣ በበረዶ ላይ በሚሄደው ሞተሩ ከጓደኞቹ ጋር እየበረረ ደረሰ።

"ምን ተፈጠረ?"

"እኔ ነኝ፣ ዴልማር። ላምባ ቀዳሁላቸው። እኔ ነኝ የገደልኳቸው።"

"ማንም አልሞተም" አለ ዴልማር ተንበርክኮ። "እሱን በኋላ ትነግሪኛለሽ። አሁን ይሄን ብረት ያዢልኝ። ጠበቅ አድርገሽ!"

ጠበቅ አድርጋ ያዘችው። ኦሪንን ሲያወጡት ጮኸ፤ በዕድሜዋ ሙሉ እሱ ሲጮኽ ሰምታ አታውቅም ነበር።

አደጋ መድረሱ ሲነገር ቅድም ተራ ጠብቁ የተባለበት የአምቡላንስ አውሮፕላን ተገኘ። ባልና ሚስቱን ወደ ማረፊያው ቤት አምጥተው፣ ማሞቂያው አጠገብ አስተኝተው ሲጠብቁ፣ ዴልማር "እየመጡ ነው፣ ቅርብ ናቸው" ብሎ ለትዋይላ ነገራት።

"ለመታመሜ አውሮፕላን አልነበረም" አለች ትዋይላ ጣሪያውን እያየች። "ለመከስከሳችን ተገኘ።"

ማርሊስ በር ላይ ቆማለች። ወደ ውስጥ መግባት ፈራች፣ መውጣትም አልቻለች። ጓንቷ ወለሉ ላይ እንደወደቀ ነው፤ ክፍሉ ሁሉ ላምባ ይሸታል።

የአምቡላንሱ አውሮፕላን አርፎ፣ ነርሶቹ ወደ ሕሙማኑ ሲሮጡ፣ አብራሪዋ ወደ ማርሊስ መጣች። ጸጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ሬና የምትባል ወጣት ነበረች።

"እርስዎ ነዎት የማረፊያው ኃላፊ? ነዳጅ ያስፈልገናል። ከሌላ በሽተኛ ላይ ነው የተመለስነው፣ ባለን ሱ ፎልስ አንደርስም።"

ባለ ፕሮፔለር ቢሆንም የዚህ አውሮፕላን ሞተር የሚጠጣው ያንኑ ላምባ ነው። ያው ቦቴ። ያው ቱቦ።

"እኔ አልቀዳም" አለች ማርሊስ። "ያንን አውሮፕላን የጣልኩት እኔ ነኝ። አልነኩትም። ሌላ ሰው ይቅዳልሽ።"

ሬና በመስኮቱ ወደ ማሳው አየች፤ ጎማዎቹ ወደ ሰማይ ተሰቅለው ይታያሉ። መልሳ ወደ ማርሊስ ዞረች። "ሌላ ሰው አለ?"

"የለም።"

"እንግዲያው ይምጡ፣ አብረን እንቅዳ። ሰውየው እየደማ ነው፤ እዚህ ቆመን የምናለቅስበት ጊዜ የለንም።"

ንግግሯ ክፉ አልነበረም፤ ጥድፊያ ብቻ ነበር። ማርሊስ ተከተለቻት። የቦቴውን በር በእጅጌዋ ጠረገችው፤ ጽሑፉ ከበረዶው ሥር ወጣ፣ ቀድሞም እዚያው ነበር። ከቱቦው ትንሽ በመስታወት ጠርሙስ ቀዳች። ሬና ጠርሙሱን ተቀብላ አየችው፣ አሸተተችውም።

"ትክክል ነው።"

"ደግመሽ አሽቺው።"

"ትክክል ነው፣ እማማ።"

"አንድ ጊዜ ብቻ፣ እባክሽ።"

ሬና ሦስተኛ አሸተተችው። ከዚያ ማርሊስ ቀዳች። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን የከበደ ቱቦ አልያዘችም። ነዳጁ ሲወርድ የሚሰማት ድምፅ ቅድም የሰማችው ያው ድምፅ ነበር፣ አንድ ዓይነት፣ ጥፋት ይሁን ምሕረት የማይለይ።

ኦሪንን በቃሬዛ ሲያወጡት አጠገቧ ሲደርስ እጁን አንቀሳቀሰ። ነርሶቹ ቆሙ። ማርሊስ ጎንበስ አለች።

"ቀኙን ሳላየው ነው የተነሣሁት" አላት በሹክሹክታ። "እኔም ሳላየው ነው።"

"አትናገር። ዝም በል።"

"እኔም" አለ ደግሞ፤ ወሰዱት። ትዋይላን ከኋላው አስገቧት። ያ ግራጫ ግድግዳ ከመድረሱ በፊት አውሮፕላኑ ተነሣ።

ኦሪን ስካር ሱ ፎልስ ደርሶ፣ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት፣ ሳምንት ሳይሞላው ሞተ። ደረቱ ውስጥ የተቀጠቀጠው ነገር አልጠገን አለ። ትዋይላ እዚያው ሆስፒታል፣ በሌላ ፎቅ፣ ደሟ በማሽን እየታጠበ ነፍሷ ተመለሰ። ዳነች የተባለበትና ባልቴት የሆነችበት ሳምንት አንድ ነው።

በቀብሩ ዕለት የሉተራን ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ነበር። ከቀብር በኋላ ሴቶቹ ምድር ቤት ውስጥ የአሳማ ሥጋ ሳንድዊችና የተጋገረ ድንች ሲያቀርቡ፣ ማርሊስ ከመኪናዋ አልወረደችም። ጋግራ ያመጣችው እንኳ ከጎኗ ወንበር ላይ እንደተሸፈነ ቀረ። ዴልማር ወጥቶ መስኮቷን አንኳኳ።

"ግቢ እንጂ። ሰው አይበላሽም።"

"ይብላኝ። እኔ ግን አልገባም።"

የመንግሥት መርማሪዎች መጡ። እነሱ ከመምጣታቸው በፊት የከተማው ጠበቃ ቢሮው ጠርቷት፣ በሩን ዘግቶ፣ በለሰለሰ ድምፅ አነጋገራት። "ማርሊስ፣ የማይጠይቁሽን አትንገሪያቸው። ነዳጁን አይቶ መነሣት የአብራሪው ግዴታ ነው። ኦሪን ከመወሰዱ በፊት ስለዚህ ያለሽ ነገር አለ?"

ማርሊስ አየችው። የሚፈልገው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፣ እሷም የእውነት።

"ስለ ሚስቱ ነው ያወራው" አለች።

ለመርማሪዎቹም እንደዚሁ ተናገረች፤ የራሷን ግን ምንም ሳትደብቅ፣ ቦቴውን እንዴት እንዳቀያየረች፣ ጽሑፉን እንዳላየች፣ ዓይኗ የት እንደነበር፣ ሁሉን። ቀለም ይቀባ ብላ ማመልከቷን እንኳ እነሱ ናቸው ካንድ ሰው ሰምተው የጠየቋት። ከንቲባው ለጊዜው ከሥራ ትረፍ አለ፤ እሷ ግን ቁልፎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። አንድ ወር ቤቷን ዘግታ ተቀመጠች። ስልክ አታነሣም። እህቷ ከሚኒሶታ ደውላ ደውላ ሲታክታት ዴልማርን ላከችባት፤ እሱም በሩን ከፍቶ ገብቶ ማጠቢያው ውስጥ የተከመረውን ዕቃ አጥቦላት ሄደ። ማርሊስ ያኔ ያሰበችውን ለማንም አልነገረችም፤ ግን የባሏን ጠመንጃ ዴልማር ይዞት እንደሄደ ያወቀችው በማግስቱ ነው።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ስልኩ ጮኸ። አነሣችው፤ ለምን እንዳነሣችው አታውቅም።

"ትዋይላ ነኝ።"

ማርሊስ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ሕሙማን የሚያመላልሰው የከተማው ቫን ሹፌር ለቀቀ" አለች ትዋይላ። "ልጄ አሪዞና ነው፤ አንድ ሳምንት መጥቶ ተመለሰ። ጎረቤት ለምኜ ለምኜ አልቋል። ነገ ጠዋት ተራዬ ነው። ትወስጂኛለሽ?"

"ትዋይላ… እኔ…"

"ይቅርታ እንዳትዪኝ። አንቺ ስለሆንሽ አይደለም የደወልኩት። መኪና ስላለሽ ነው።"

በማግስቱ ማርሊስ ሌሊቱን ሳትተኛ ሄዳ የትዋይላ ደጅ ላይ ቆመች። ክንዷን ብትሰጣት ትዋይላ አልያዘችውም፤ የመኪናውን በር ብረት ይዛ ራሷ ወጣች። የሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ አንድ ቃል አልተነጋገሩም። እጥበቱ እስኪያልቅ ማርሊስ መኪና ውስጥ ጠበቀች። ሲመለሱም እንደዚያው። በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ ሳምንት ከሳምንት። ማሳዎቹ ጠቆሩ፣ አረንጓዴ ሆኑ፣ በቆሎው ከመኪናው ቁመት በለጠ። ትዋይላ አንዳንዴ ታዝዛት ነበር፤ ሬዲዮውን ዝጊ፣ መስኮቱን ክፈቺ፣ እዚህ ጋ ቁሚልኝ ሊያስመልሰኝ ነው። ማርሊስ ትታዘዛለች። ሌላ የቀራት ሥራ አልነበረም፤ ሌላም አልፈለገችም።

በነሐሴ አንድ ቀን፣ ከእጥበት ሲመለሱ፣ ትዋይላ ዓይኗን ጨፍና ወንበሩ ላይ ተጋድማ ሳለ ድንገት ጠየቀች።

"ያን ቀን በቃሬዛ ሲያወጡት የሆነ ነገር ነግሮሻል። አይቻለሁ። ምን አለሽ?"

ማርሊስ መሪውን ጨበጠች። "ምንም።"

"ማርሊስ ትቬት፣ ስለ ሚስቱ ነው ያወራው ማለትሽን ሰምቻለሁ፤ ለጠበቃ የዋሸሽውን ለእኔ አትዋሺ።"

ብዙ መንገድ ተጓዙ። በመጨረሻ ማርሊስ ነገረቻት። ቃሉን ሳትጨምር ሳትቀንስ። "እኔም ሳላየው ነው አለኝ። ግን የእሱ ጥፋት አይደለም። እሱን ለማንም አልተናገርኩም፣ አልናገርም።"

ትዋይላ ዓይኗን አልከፈተችም። እንባዋ ግን በጆሮዋ በኩል ወረደ።

"ነዳጁን የሚያይበትን ብርጭቆ ኪሱ ውስጥ ይዞት ነበር" አለች። "ሊወርድ በሩን ከፈተ። በረደኝ፣ ዝጋው አልኩት። ተቆጣሁት። እሱም ዘጋው።"

ማርሊስ መኪናውን ከመንገዱ ዳር አቆመች። ሁለቱም በቆሎውን እያዩ ተቀመጡ። የጭነት መኪናዎች ባጠገባቸው ሲያልፉ መኪናዋ ትናጣለች። ማርሊስ እጇን ዘረጋች፤ ትዋይላ እጇን አልሰጠቻትም፣ ግን አልገፋቻትምም።

"ንጂ" አለች ቆይታ። "ደክሞኛል።"

ከዚያ በኋላ ወዳጅነታቸው ታደሰ ብሎ የሚያወራ ሰው በኦስላንድ አለ። አልታደሰም። ከተማው ማረፊያውን ከመዝጋት ተርፎ፣ ነዳጁን ሰው አልባ መቅጃ ተከለለት፤ ቦቴዎቹን ሸጠ። ለትዋይላም የሆነ ገንዘብ ከፈላት፤ እሷም የኦሪንን መሬት አከራይታ ከተማ ውስጥ ወዳለ ትንሽ ቤት ገባች። ማርሊስ ከመንዳት አላቋረጠችም። ይቅር ብዬሻለሁ የሚለውን ቃል አልሰማችም፤ መጠበቁንም ተወች።

በተከተለው ክረምት፣ የመጀመሪያው ትልቅ ውሽንፍር ሊመጣ ነው ሲባል፣ ማርሊስ አንድ ቀን ቀድማ ትዋይላን ጭና ሱ ፎልስ ገባች። ከሆስፒታሉ ማዶ፣ በእግር የሚደረስበት ርካሽ ማደሪያ ውስጥ ሁለት አልጋ ያለው ክፍል ያዘች። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሣ። ሕንጻው ማፏጨት ጀመረ፤ የመንገዱ መብራት ጠፋ፣ የሆስፒታሉም ግድግዳ ጠፋ። ትዋይላ አልጋዋ ላይ እግሯን ሰቅላ፣ ማርሊስ በሌላው አልጋ ጫፍ ላይ ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀምጣ ያን ነጭ ነገር ያያሉ።

"መጋረጃውን ዝጊው" አለች ትዋይላ። "ካፖርትሽንም አውልቂ። የትም አትሄጂም።"

ማርሊስ ተነሥታ ዘጋችው፤ ካፖርቷንም አውልቃ ወንበሩ ላይ አደረገችው።